ሹዋሊድ በሐረር፣ የበዓል ቁጠባችን በፍኖተ ሰላም
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ሊቀ መንበራችን «ልጆቻቸው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡባቸው እናቶች አሉ፤ ለጥየቃም ለምርቃትም ሐረር መርገጣቸው አይቀርም። አንቺ በበዓል ደርሰሽ የመጣሽ ነሽና ያየሽውን ንገሪን» ስትለኝ ቶሎ ብዬ እሺ አልሁ። ቤቴ ገብቼ ማስታወሻ መያዝ ስጀምር ግን ነገሩ ከመንገድ ወሬ አልፎ ወደ ራሳችን የሂሳብ መዝገብ ዞረብኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ሐረርን እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ መዝገቡን እገልጣለሁ። ሁለተኛው ቅር የሚያሰኛት ካለች ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንሁ ግን ዝም ብል ነገ ተጠያቂዋ እኔው ነኝ።

ሐረር የሄድሁት በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ ነው። ታናሽ እህቴ እዚያ ሥራ ይዛ ነበርና አራስ ልጠይቅ ሄድሁ። ከዚህ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በአዋሽና በጭሮ አድርጎ ሐረር፣ ሁለቱ ሲደመር ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለአራስ የሚያዘውን ሁሉ ይዣለሁ፤ የገንፎ እህል፣ ቅቤ፣ የቡሬ በርበሬ፣ አንድ ጀሪካን ማር። አውቶቡስ ላይ ጀሪካኑን በጉልበቴ መሐል አድርጌ ነው ያደርሁት ብል ማጋነን አይሆንም።

ሐረር የምንላት ከተማ ሁለት ናት። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ጀጎል አለች፤ ከግንቡ ውጭ ደግሞ እንደማንኛውም ከተማ ባንኩም ሆቴሉም ያለበት አዲሱ ሰፈር አለ። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። ውስጡ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መቃብር ወይም አድባር እንዳለ ተመዝግቧል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ አድርጎ ጀጎልን መዝግቧታል። ሐረሪዎቹ ግን ከተማቸውን በቋንቋቸው «ጌ» ነው የሚሏት፤ ከተማ ማለት ነው። ሌላ ከተማ ያለ አይመስላቸውም እያለች እህቴ ትስቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አጣለሁ ብላችሁ ደግሞ አትስጉ፤ እዚያው ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔ ዓለም አለ፤ ለቅዳሴ ስሄድ አዛኑንም ደወሉንም እየሰማሁ ነው።

አሁን ወደ በዓላቱ። የሂሳብ ሰው ስለሆንሁ ከቀን አቆጣጠሩ ልጀምር፤ ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ማንም አያነቃንቀውም። ፋሲካ እንኳ ይሄዳል ይመለሳል እንጂ ከመጋቢት መጨረሻና ከሚያዝያ አይወጣም። የእስልምና ዓመት ግን በጨረቃ የሚቆጠር 12 ወር ነው፤ 354 ቀን ወይም 355 ቀን። ከእኛ ዓመት ወደ 11 ቀን ያጥራል። ስለዚህ በዓሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል፤ ክረምቱን፣ በጋውን፣ በልጉን ሁሉ ዞሮ ወደነበረበት የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። «አምና በዚህ ጊዜ ነበር» ብላችሁ ቲኬት አትቁረጡ። ቀኑ የሚለየውም ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ አንድ ቀን የግራና የቀኝ ይኑራችሁ።

ረመዳን ላይ ከደረሳችሁ ቀን ከተማው ፀጥ ይላል፤ ሌሊት ደግሞ ይነቃል። ጉዳያችሁን በጧት ጨርሱ። በመንገድ እየሄዱ መብላትና ውኃ መጠጣት ይቅርባችሁ። ማንም አይናገራችሁም፤ የእኛን ሁዳዴ አስቡትና በራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ከሰው ቤት ከደረሳችሁ ግን ቴምርና ሳምቡሳ ሳትቀምሱ አትወጡም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን እንደገቡ ታስታውሳላችሁ። ያን ዕለት እዚህ ገበያችን ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ዛሬስ አገሩ በሙሉ ጾመኛ ነው» ስትል ሰምቻለሁ።

አረፋና መውሊድን ብዙ አላብራራም፤ እኛም ጋ ስለሚከበሩ ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። እነዚህ ሁለቱና ዒድ አል ፈጥር ዛሬ በአገር ደረጃ ሥራ የሚዘጋባቸው ሦስት በዓላት ናቸው፤ በጃንሆይ ዘመን ግን አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጥተው ከጠየቁት አንዱ ይኸው ነበር፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ነው ብሔራዊ በዓል ያደረጋቸው። እኔ ይህን የተማርሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሰው በዓሉን ከቀን መቁጠሪያ ላይ ለማስገባት አደባባይ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር።

ዓሹራ የሚባለው በሙሐረም ወር በ10ኛው ቀን የሚውል ነው። ሐረር ላይ በዚያ ሌሊት ለጅቦች ገንፎ ይዘጋጃል፤ ቅቤ የፈሰሰበት፣ እኛ ለአራስ እንደምናገነፋው ማለት ነው። በጥንት ዘመን በረሃብ ጊዜ ጅብ ሰው እያጠቃ አስቸግሮ፣ ደጋጎቹ ሰዎች ገንፎ እየሰጡ ከጅቡ ጋር ታረቁ ይላል የአገሩ ተረክ። ጅቦቹ ደኅና አድርገው ከበሉት መጪው ዓመት የጥጋብ ነው፤ ሳይነኩት ከሄዱ ሰው ይሰጋል። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጎብኚ እየታየ ለጅብ ሥጋ የሚሰጠው ከዚህ የተለየ ነው፤ አትደባልቁት። እኔ የማታውን አንዴ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሄድም። በልጅነቴ ጅብ ከደጃችን ጥጃ የበላብን ሰው ነኝ።

ሹዋሊድን ግን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ የሄድሁበት ሳምንት የዋለው እሱ ነውና።

እኔ ዒድ ካለፈ በኋላ ስለደረስሁ በዓል አልቋል ብዬ ነበር። አላለቀም። ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ይጾማል። በእስልምና ሕግ ሴት በወር አበባዋና በአራስነቷ ረመዳንን አትጾምም፤ ያጎደለችውን ቀን ግን ቆጥራ በኋላ ትከፍላለች። የስድስቱ ቀን ጾም ከዚህ ጋር ተያይዞ ሐረር ላይ የሴቶች ጾም ሆኗል ማለት ይቻላል። ጾሙ ሲፈታ የሚከበረው ነው ሹዋሊድ። እስቲ አስቡት፤ ሴቶች ዕዳቸውን ከፍለው ሲጨርሱ ከተማው በሙሉ ደስ ብሎት ይወጣል። አው ሹሉም አሕመድና አው አክበራ በሚባሉት ሁለት አድባራት ሰው ይሰበሰባል፤ ከበሮ ይመታል፤ በእጅ የሚያጋጩት እንጨት አላቸው፤ ዚክሪው ሌሊቱን ይቀጥላል። ልጃገረዶቹና ጎረምሶቹ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ነው የሚወጡት፤ የትዳር ጓደኛ የሚተያዩበትም ነው፤ እኛ በጥምቀት ሎሚ እንደምንወራወረው። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዩኔስኮ ከመስቀል፣ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከገዳ ሥርዓትና ከጥምቀት ቀጥሎ ሹዋሊድን ከኢትዮጵያ አምስተኛ አድርጎ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው በሬዲዮ ሰምቼ ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል ብያለሁ።

የእህቴ ጎረቤት ሐረሪ እናት ናቸው፤ ሃምሳዎቹን ያለፉ። እህቴ ስትወልድ ከሐኪም ቤት ይዘዋት የተመለሱት፣ እኔ እስክደርስም ገንፎ ሲያገነፉላት የሰነበቱት እሳቸው ናቸው። እኔ ታዲያ በደረስሁ በሦስተኛው ቀን ውለታ ልመልስ ብዬ ዶሮ አረድን፤ በቡሬው በርበሬ ወጡን ሠራሁት። በሰሐን አድርጌ፣ እንቁላሉን ጨምሬ፣ ከድኜ ወደ ደጃቸው ስራመድ እህቴ ከአልጋዋ ላይ «እታለም! የት ልትወስጂው ነው?» ብላ ጮኸች። ደንግጬ ቆምሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የክርስቲያን ሥጋ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ሊሞላ፣ ዲፕሎማ ይዤ፣ ሙስሊም ባለበት ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ አንዴ እንኳ አላሰብሁትም። ሰሐኑን መልሼ፣ ማር በጠርሙስ ሞልቼ ወሰድሁላቸው። ሁለቱን እጄን ይዘው መረቁኝ፤ «ነገ ደግሞ እኔ ቤት ነሽ፤ ሹዋሊድ ነው» አሉኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እሳቸውን እንዴት እምቢ ልበል? ሥጋ ቢያቀርቡልኝስ? ጾመኛ ነኝ ብዬ እንዳላመልጥ በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ውሸት ላስብ ሁሉ ሞክሬ ነበር፤ ሆዴን አሞኛል ልበል እያልሁ።

ቤታቸው ስገባ ግን ጭንቀቴን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። የሐረሪ ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ ነው፤ አምስት መደብ፣ እያንዳንዱ ላይ የሚቀመጠው ሰው የተለየ ነው። ቀይ ተቀብቷል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል። ግድግዳው በስፌት ሞልቷል፤ የሰፉት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለች የሚነግር ነው አሉኝና ልጅቱ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጫማችሁን ከደጅ አውልቁ፤ የተቀመጡበትን አይታችሁ ሳይሆን ያሳዩዋችሁ መደብ ላይ ተቀመጡ። ነጠላችሁን ከራሳችሁ አታውርዱ፤ እኔ ነጠላዬን ለቤተ ክርስቲያን እንደምለብሰው አጣፍቼ ሄጄ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። አድባሩም ዘንድ እንደዚያው ነው። ስልክ አውጥቶ ሴት ፎቶ ማንሳት ሳይጠይቁ አይሆንም። በዚያን ሰሞን ከውጭ አገር የሚመጣው ሐረሪ ብዙ ስለሆነ ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ዘመድ ከሌላችሁ ትቸገራላችሁ።

ምግቡ መጣ። ለሌሎቹ ሁልበት መረቅ ቀረበ፤ ከአብሽ የሚሠራ መረቅ ነው፤ ሥጋም ነበረበት። እኔ ፊት ግን ሌላ ትሪ ተቀመጠ። ዳቦ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ ቅቤ፣ በትንሽ ሳህን ደግሞ ማር። የራሴ ማር ነው፤ የመጣበትን መንገድ ሁሉ አውቀዋለሁ። ማንም ምንም አላለም፤ ማንም አላየኝም። እኔ ብቻ ነኝ ያለቀስሁት፤ ጭሱ ነው አልሁ። እሳቸው ፈገግ ብለው «የክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚቀርብ የምናውቅ ሰዎች ነን» አሉ። ቀጠሉና ጠየቁኝ፦ «እናንተስ አገር ሙስሊም ጎረቤት አለሽ?»

«አዎ፣ አሉ» አልሁ።

«በፋሲካ ምን ታቀርቢላቸዋለሽ?»

«ዳቦና ለስላሳ» አልኋቸው።

ውሸቴን ነበር። አጥር የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ለልቅሶ ገብቼ አውቃለሁ፤ ለበዓል ግን ገብቼም ጠርቼም አላውቅም። 900 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ነው የሰው ዒድ ያየሁት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አረፋ ሲሆን ቡናና ስኳር ይዤ አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ትንሽ ልጅ «እማዬ፣ ምን ሆነው መጡ?» ብላ ነው የተቀበለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ሐረርን ልዝጋ። በሴትዮዋ ቤት ወጥ ሲሠሩ፣ ስኒ ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ዘመድ መስለውኝ ነበር። አፎቻቸው ናቸው። አፎቻ የሐረሪ የመረዳጃ ማኅበር ነው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ለየብቻ አላቸው። ለሠርግና ለቀብር ሰው ያለ አፎቻው አይቆምም። እድራችን ጋር ይመሳሰላል፤ ይህን የኛን ማኅበርም ይመስላል። ሙያዬ ነውና ሂሳቡን እንዴት እንደሚይዙ ጠየቅሁ። አንዷ «የኛ ሂሳብ ቀላል ነው፤ የሰጠችው በፈለገችው ቀን ካልደረሰላት አፎቻ አይባልም» አለችኝ። እኔ ገንዘቡን ነበር የጠየቅሁት፤ እሷ የመለሰችልኝ ቀኑን ነው።

አሁን ወደ መዝገባችን።

የማኅበራችንን ሂሳብ ስረከብ የ2016ን የበዓል ቁጠባ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ መረመርሁ። 34 አባላት ነን። ለበዓል በወር 200 ብር እንቆጥባለን፤ በዓመት የአንዷ 2,400 ብር፣ የሁላችን 81,600 ብር። ገንዘቡ ከባንክ የሚወጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ለፋሲካ ቅርጫ። ከመካከላችን ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። እነሱ ቅርጫው ውስጥ ስለማይገቡ ድርሻቸውን በገንዘብ ይወስዳሉ። እስከዚህ ትክክል ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ምልክት አድርጌ አልፌው ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ቀኑን አየሁ። በ2016 ዒድ አል ፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 27። ለሦስቱ እህቶቻችን የተከፈለበት የወጪ ማዘዣ ላይ የተጻፈው ቀን ግንቦት 18 ነው። በዓላቸው ካለፈ 46 ቀን በኋላ። ስንበላ ሰነበትንና፣ ስብሰባ ደረሰና፣ ያን ጊዜ ትዝ አሉን። ሌላም አለ። ለበሬ ገዥዎች መጓጓዣና ለአራጅ 2,890 ብር ወጥቷል፤ ለ34 ተካፍሎ ከእያንዳንዷ 85 ብር ተቀንሷል። ከሦስቱም። 2,400 ቆጥበው 2,315 ብር ነው የተረከቡት። ያልበሉትን በሬ መግዣ መጓጓዣ ከፍለዋል። የ2017ም መዝገብ ቀኑ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ እኔም ብይዘው እንዲሁ ነበር የማደርገው። ከሦስቱ አንዷን ግን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ያን ዓመት ለዒድ ከጎረቤት ተበድሬ ነው የዋልሁት፤ ገንዘቤ እናንተ ጋ እያለ» አለችኝ። ለምን አልተናገርሽም ስላት «አስቸጋሪ ናት እንዳትሉኝ» አለች። ይህን የምነግራችሁ ፈቅዳልኝ ነው።

ዘንድሮም ዒድ የሚውለው ሁዳዴ ውስጥ ነው፤ ፋሲካ ሳይደርስ። ቀደም ሲል እንዳልሁት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚሄድ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ገና አካባቢ ይደርሳል። የእኛ ገንዘብ ሁልጊዜ ፋሲካን የሚጠብቅ ከሆነ እያደር የሚዘገየው 46 ቀን ብቻ አይሆንም።

ያቀረብሁት ሐሳብ አጭር ነው። የሦስቱ ቁጠባ በመዝገቡ ላይ የራሱ ዓምድ ይኑረው። ዒድ ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት እስከዚያ ቀን ያጠራቀሙት ይከፈላቸው፤ ከፊሉን ለአረፋ ማቆየት የምትፈልግም ትችላለች። የበሬው ወጪ በሬውን በምንበላው በ31ዳችን ላይ ብቻ ይከፈል። 2,890 ለ31 ሲካፈል 93 ብር ከ23 ሳንቲም ነው፤ በያንዳንዳችን ላይ የሚጨመረው 9 ብር እንኳ አይሞላም። ከሦስቱ የተቀነሰው የሁለት ዓመት ገንዘብም ይመለስ። ጸሐፊያችን «ቀድሞ መክፈል ብድር መስጠት ነው፤ ደንባችን አይፈቅድም» ብላኛለች። እህቴ፣ ብድር የሚባለው የማኅበሩን ገንዘብ ስንሰጥ ነው፤ ይህ ራሳቸው ያስቀመጡት ነው። በየወሩ የፈረምሽባቸው ደረሰኞች እኔ ጋ አሉ።

ሐረር የምትሄዱት ደግሞ ከዚህ ምን እንውሰድ ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ማር ውሰዱ። በርበሬም ጥሩ ነው። ቋንጣ ለልጆቻችሁ ያዙ፤ ለጎረቤት ግን አታካፍሉ።

ሦስቱ እህቶቻችን ዛሬም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ስለ እነሱ እኔ ይህን ያህል መናገሬም ልክ አልመሰለኝም። ወንበሬን ለቅቄያለሁ፤ ከመካከላቸው መናገር የምትፈልግ ትምጣና ትናገር፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።